ስኳት ስሠራ እግሬ ይዋልላል፣ ጫማ ልቀይር ወይስ ችግሩ እኔ ነኝ?

ማለዳ_ብረት
ሰላም ለሁላችሁ። ጂም ከጀመርኩ 7 ወር ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን ሁሉንም ነገር የምሠራው በመሮጫ ጫማዬ ነው፣ ያ ሶሉ ወፈር ብሎ ለስለስ ያለው ዓይነት፣ ለሩጫ ስገዛው ሰው ሁሉ አሞግሶልኝ ነበር እኔም ወድጄዋለሁ። ባለፈው ግን ስኳት ላይ 60 ኪሎ ትከሻዬ ላይ ጭኜ ቁጭ ልል ስወርድ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ዘመም ሲል ተሰማኝ፣ ስነሳ ደግሞ ክብደቱ ወደ ጣቶቼ ሄደና ተረከዜ ከመሬት ለቀቀ፣ ለትንሽ ነው ወደፊት ያልተደፋሁት። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከኋላ ቪዲዮ እያነሳኝ ነበር፣ ቀስ አርጌ ሳየው የቀኙ ሶል በውስጥ በኩል ሟሽሾ በውጭ በኩል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ልክ በአንድ ጎኑ እንደተጨመቀ ስፖንጅ።

እና ያንን ተረከዙ ከፍ ያለውን የብረት አንሺዎች ጫማ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ፣ ዋጋውን ሳይ መልሼ ተቀመጥኩ። አንዱ ያለሱ ስኳት አይታሰብም ይላል፣ ሌላው ባሩን ከመሬት ለምናነሳበት ለዴድሊፍት መርዝ ነው ይላል፣ ሌላው በካልሲ ሥሪ ይላል። በሳምንት 3 ቀን ነው የምሠራው፣ ስኳት ዴድሊፍት ቤንች (ተኝቶ መግፋት) ትከሻ ፕሬስ አንዳንዴ ላንጅ (አንድ እግር ወደፊት ረግጦ መውረድ) ምናምን። ለውድድር አይደለም። አንድ ጫማ ለሁሉም አይሆንም እንዴ?

ጭን_ይሙቅ
ወንድሜ ጫማው ነው፣ አትጠራጠር። የመሮጫ ጫማ የተሠራው እግርህ መሬት ሲመታ ግጭቱን እንዲውጥልህ ነው፣ ውስጡ ፎም ነው፣ ሲጫኑት ይሟሽሻል ሲለቁት ይነሳል። ለሩጫ አሪፍ። ብረት ተሸክመህ ግን እንዲዋጥልህ የምትፈልገው ነገር የለም፣ በእግርህ የገፋኸው ሁሉ ክብደቱ የተሰካበት ባር ላይ እንዲደርስልህ ነው የምትፈልገው። ጭቃ ላይ ቆሞ ጆንያ የተሸከመ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እሱ ነው በቃ። ደግሞ ፎሙ እኩል አይሟሽሽም፣ ክብደቱ የበዛበት ጎን ይበልጥ ይገባል፣ ስለዚህ አንተ ትንሽ ካዘነበልክ ሶሉ ጨምሮ ያዘነብልሃል። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ይሄንን ነው።

ብዙ የመሮጫ ጫማ ተረከዙ ከጣቱ በ8 ወይ በ12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፣ ታድያ ከፍ ካለ እንደ ብረት ጫማው አይደል እንዴ የሚል አይጠፋም። አይደለም፣ ክብደት ሲያርፍበት ያ ከፍታ ምን ያህሉ እንደሚቀር ፎሙ ነው የሚወስንልህ፣ ግራና ቀኙም እኩል አይቀርም።

ቤት ውስጥ ቀጭን ሶል ያለው ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ አይጠፋም፣ እሱን አርገህ ሞክር፣ ከዛ ስለመግዛት እናወራለን።

ማለዳ_ብረት
ሃሃሃ እህቴ በለኝ። ሸራ ጫማ አለኝ ሐሙስ እሞክረዋለሁ።

ጭን_ይሙቅ
ውይ ይቅርታ እህቴ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ በሽ አንብቢው።

አሮጌ_ባር
ልጆች ስለ ተረከዙ እኔም ትንሽ ልበል፣ ከፍ ይላል ከፍ ይላል እየተባለ ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ስኳት ስትወርጂ ጉልበትሽ ወደፊት ይሄዳል፣ ጉልበት ወደፊት እንዲሄድ ቁርጭምጭሚት መታጠፍ አለበት። ቁርጭምጭሚቱ እምቢ ካለ ወይ ተረከዝ ይነሳል ወይ ወገብ ወደፊት ይደፋል፣ ክብደቱ የሆነ ቦታ ማምለጥ አለበታ። አሁን ተረከዝሽን በጠንካራ ነገር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ስታደርጊው ቁርጭምጭሚቱ ቀድሞ ዘርጋ ብሎ ስለሚጀምር ለመታጠፍ ቦታ ያገኛል። ያኔ ደረት ቀና ይላል፣ ዳሌ በተረከዝና በተረከዝ መሃል ይወርዳል፣ ሥራው ወደ ጭን ፊት ይዞራል። ያው ነው ምስጢሩ ሌላ የለውም።

ጫማው በመሠረቱ የስናችና የክሊን ጫማ ነው፣ ባሩን ከመሬት ስቦ ከራስ በላይ ወይ ትከሻ ላይ ለመቀበል ማለት ነው። ድሮ ብዙ ሰው አንዱን እግር ወደፊት አንዱን ወደኋላ ወርውሮ ነበር ባሩ ሥር የሚገባው፣ ለሱ ዝቅ ያለ ቡት ይበቃል። ሙሉ ቁጭ ብሎ መቀበል ሲለመድ ነው ተረከዙ የተፈለገው። እኔ የጀመርኩት ባሩን ከትከሻ ወደ ላይ የሚገፉበት ፕሬስ ከኦሎምፒክ ከወጣ በኋላ ነው (መጨረሻው ሙኒክ እ.ኤ.አ. 1972 ነበር)፣ የመጀመሪያ ጫማዬ ተረከዙ ቆዳ በቆዳ ላይ ተደራርቦ በሚስማር የተመታ ነው፣ መድረኩን ስረግጠው ቋ! ይል ነበር፣ አሰልጣኛችን ፊቱን አዙሮ በድምጹ ብቻ ሁለቱ እግሮቼ እኩል ማረፍ አለማረፋቸውን ያውቅ ነበር። ዛሬ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ የእንጨትም አለ።

እና ስትገዢ ከፍታውን ሳይሆን መጀመሪያ ጥንካሬውን እይ። ተረከዙን ከጎን በአውራ ጣትሽ ጠንከር አርገሽ ተጫኚው፣ ከገባልሽ መልሰሽ ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው። ስሙ የብረት ጫማ ሆኖ ውስጡ ፎም የሆነ ሞልቷል።

ሦስት_ነጭ_መብራት
ጋሼ ያሉት ለስኳት ልክ ነው፣ ዴድሊፍት ግን ሌላ ነገር ነው። ባሩ መሬት ላይ ነው ያለው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የክብደት ፕሌት ሲገባበት የባሩ መሃል ከመሬት 22.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ አይጨምር አይቀንስ። አንቺ 3 ሴንቲ ሜትር ሶል ላይ ከቆምሽ በነዛ 3 ሴንቲ ሜትር ባሩ ራቀሽ ማለት ነው፣ ጎንበስ ብለሽ ትይዢዋለሽ፣ ጨምረሽ ታነሺዋለሽ። ለዚህ ነው ውድድር ላይ ያን የባሌት ጫማ የሚመስል ስስ ስሊፐር አርገው የሚወጡት፣ ለማማር አይደለም። ተረከዝ ያለው ሲሆን ደግሞ ከፍታው ብቻ አይደለም፣ ወደ ጣትሽ ያዘነብልሻል፣ ዴድሊፍት ላይ ደግሞ ክብደቱ መሃል እግርና ተረከዝ ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። መርዝ ነው ማለት ግን ማጋነን ነው፣ ኦሎምፒክ አንሺዎች ከመሬት የሚስቡት በዛው ጫማ ነው፣ አሳሳባቸው ግን ጭን የበዛበት ነው።

ሱሞ የሚባለውን ዴድሊፍት ከሆነ የምትሠሪው ሌላ ጣጣ አለው፣ እግርሽን ከፍተሽ ወደ ውጭ ስለምትገፊ ሶሉ ከጎን መያዝ አለበት። በመሮጫ ጫማ ሱሞ ስትሠሪ እግርሽ በሶሉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውጭ ሲወጣ ይታወቅሻል፣ ጫማው እዛ ቀርቶ እግርሽ ሌላ ቦታ።

ለጠቅላላ እውቀት፣ በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን (አይፒኤፍ) ሕግ የጫማ ሶል ከ5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ሥሩም ወጥ መሆን አለበት፣ ከፋብሪካው ውጭ የጨመርሽው ንጣፍ ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ለውድድር አይደለም ብለሻል ግን እንዲህ ይጀመራል።

ባዶ_እግር
ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ ባዶ እግር እያለ። ከመሬት ጋ ያለሽ ርቀት ዜሮ፣ ሶል የለ መሟሸሽ የለ ዋጋ የለ። ተረከዝ፣ የትልቁ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር፣ ሦስቱ መሬት መንካታቸው በደንብ ይሰማሻል፣ እንደ ጉልቻ። ጫማ ውስጥ ይሄ ስሜት የለም። እኔ 2 ዓመት ሆነኝ ጫማ ካወለቅኩ፣ ጣቶቼ ራሱ ተዘርግተዋል።

የቁልፍ_ሳጥን
ባዶ_እግር ወንድሜ እኔ ጂም ውስጥ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ እንዳንተ ዓይነቱን ነው በየቀኑ ጫማህን አርግ የምለው። ቁምነገር ተናግረሃል ግን ብዙ ጂም አይፈቅድም፣ አንደኛ ላብና ፈንገስ ነው፣ ሁለተኛ የሆነ ነገር ቢፈጠር ጣጣው የቤቱ ነው። እውነቱን ለመናገር 20 ኪሎ ፕሌት እግር ላይ ቢወድቅ ሸራ ጫማም አያድንም፣ ግን ፕሌት ከመውደቁ በፊት ሰው ጣቱን የሚያጋጨው ከቤንቹ እግር ጋ ነው፣ እሱን ያድናል። በካልሲ ብቻ ደግሞ ለስላሳ ወለል ላይ አትሥሩ እባካችሁ፣ አንዱ ሱሞ ሲስብ ሁለቱም እግሮቹ ወደየራሳቸው ሄደው ተዘርግቶ ቁጭ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ባሩ ከጁ ስለወጣ ተረፈ።

ባዶ_እግር
እሺ ቤቴ ነው የምሠራው፣ እሱን መናገር ረስቼ ነው።

የቁልፍ_ሳጥን
እና ቀድመህ አትልም!

ሰባራ_ሰዓት
ጫማ ሳትገዢ ተረከዝሽ ሥር ትንሽ ፕሌት አስገቢ የሚልሽ ይመጣል፣ ቀድሜ ልንገርሽ። እኔ 2.5 ኪሎ ፕሌቶች ሁለቱ ተረከዜ ሥር አርጌ ለወራት ሠራሁ፣ በባዶ ባርና በቀላል ክብደት ጥሩ ነበር፣ ጋሼ ያሉትን ስሜት ታገኚዋለሽ፣ ደረት ቀና ምናምን። አንድ ቀን 90 አርጌ ከመደርደሪያው ወጥቼ ወደኋላ ስረግጥ ግራዬ ፕሌቱ ጠርዝ ላይ አረፈ፣ ፕሌቱ ዞረ፣ እኔም አብሬ ዞርኩ። ማስቆሚያው ብረት ባይኖር ዛሬ የምጽፍላችሁ ከአልጋ ነበር። ለሙከራ ይሁን፣ ቀላል ክብደት ላይ ብቻ፣ ተረማምደሽ የምትወጪበት ከሆነ በጭራሽ። ለዚሁ የተሠራ ወጥ ሽብልቅ አለ እሱ ሰፊ ስለሆነ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ባር ተሸክመሽ የምትፈልጊው ዕቃ መሆን የለበትም።

ብረት_ብቻ
ጫማ ሰበብ ነው። በነጠላ ጫማ 200 የሚያነሳ አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ሥሪ።

ጭን_ይሙቅ
በነጠላ ጫማ 200 የሚያነሳው ሰውዬ ነጠላው ረድቶት አይደለም፣ ነጠላው አላሸነፈውም። ልጅቷ ደግሞ 60 ላይ ናት።

መገጣጠሚያ
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሁላችሁም ስለ ጫማው ስታወሩ ልጅቷ ያለችውን አንድ ቃል ዘላችሁታል፦ ቀኝ እግሬ። ጫማው ብቻ ከሆነ ችግሩ ግራውስ ለምን አልዘመመም? ሁለቱም አንድ ዓይነት ሶል ነው ያለው።

ማለዳ_ብረት እስቲ ይሄን አርጊ። ጫማ አውልቂና ግድግዳ ፊት ቁሚ፣ አንዱን እግር ጣቱን ወደ ግድግዳው አቅንተሽ ሙሉ መርገጥ፣ ከዛ ተረከዝሽ ሳይነሳ ጉልበትሽን ግድግዳ አስነኪ። ከነካ እግርሽን ትንሽ ወደኋላ ሳቢና ድገሚ። ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት የሚነካበትን የመጨረሻ ቦታ ያዢና ከትልቁ ጣትሽ ጫፍ እስከ ግድግዳው በሴንቲ ሜትር ለኪ። ጉልበትሽ በሁለተኛው ጣት አቅጣጫ ይሂድ፣ ወደ ውስጥ ካስገባሽው ልኬቱ ውሸት ነው። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዛ በላይ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ስኳት ይበቃል። ሁለቱንም እግር ለኪ፣ ልዩነቱ ነው ብዙ የሚናገረው።

ማለዳ_ብረት
አሁን ለክቼ መጣሁ። ግራ 11። ቀኝ 6!! ሦስቴ ደገምኩት። እና አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ከ4 ዓመት በፊት ደረጃ ስወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ሁለት ሳምንት አብጦ ነበር፣ ካበጠው ሲቀንስ ተውኩት ምንም አላረኩም።

መገጣጠሚያ
ያው። ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት መታጠፍ ሲያቅተው የእግር ቅስት ተደፍቶ በውስጥ በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ ጉልበትም ይከተለዋል። ጫማሽ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ይሄንን በሰፊው በር ከፍቶ አስገባው። ሁለቱም ናቸው እንጂ አንዱ አይደለም።

ስትታጠፊ ስሜቱ የት ነው? ከኋላ ባትሽን የሚወጥር ከሆነ ጡንቻው ነው፣ በመለጠጥና ደረጃ ጫፍ ላይ ተረከዝ ዝቅ አርጎ ቀስ ብሎ በመነሳት ይሻሻላል። ፊት ለፊት የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን በመለጠጥ ብቻ አትታገዪው፣ አንድ ሰው በእጁ ይየው።

ማለዳ_ብረት
ከኋላ ነው፣ ባቴ ታች ጋ።

ሁሉንም_ሞካሪ
ወደ አንድ ጫማ ለሁሉም ጥያቄሽ ልመለስ። አለ፣ ክሮስ ትሬነር የሚባሉት፣ እነ ናይኪ ሜትኮን እነ ሪቦክ ናኖ። ተረከዛቸው ጠንከር ይላል፣ ሜትኮን ከተረከዝ እስከ ጣት ያለው ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጣቱ ጋ ይታጠፋል ስለዚህ ላንጅም ቦክስ ዝላይም ይሆናል። የብረት ጫማ አርጎ ላንጅ መሥራት እንጨት ጫማ አርጎ መደነስ ነው፣ ሞክሬዋለሁ። ክሮስ ትሬነር በምንም ነገር አንደኛ አይሆንም በምንም ነገር ደግሞ አይጥልሽም። እንዳንቺ በሳምንት 3 ቀን ሁሉን ነገር ለሚነካካ ሰው እኔ ብሆን እሱን ወይ ጠፍጣፋውን ነው። ኮንቨርስ ቫንስ ምናምን ለብረት አልተሠሩም፣ ቻክ ቴይለሩ እ.ኤ.አ. በ1917 ለቅርጫት ኳስ የወጣ ጫማ ነው፣ ግን ሶሉ ጠፍጣፋ ጎማ ስለሆነ ብረት አንሺው ወረሰው። አንድ ጉድለቱ ፊቱ ጠባብ ነው፣ እግርሽ ሰፊ ከሆነ ትንሿ ጣትሽ ትጮሃለች፣ ያኔ ጣቱ ጋ ሰፋ ያለ ስስ ሶል ያላቸው አሉ እነሱን እይ።

ለቤንች ብዙ አትጨነቂ፣ ሶሉ ወለሉን ቆንጥጦ ከያዘልሽ ይበቃል። እግር ወደኋላ ስበው ለሚሠሩ ግን ተረከዝ ያለው ጫማ ይረዳል፣ አንዳንድ ውድድር ላይ እግር ሙሉ ለሙሉ መሬት መርገጥ አለበት ስለሚባል።

ጥቁር_ካልሲ
ሁለተኛ እጅ የብረት ጫማ ለምታስቡ። እኔ አንድ ያላለቀ የሚመስል፣ ብዙ ዓመት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ በርካሽ አግኝቼ ዘለልኩ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስኳት መሃል ጥርርር የሚል ድምጽ ሰማሁ፣ ሱሪዬ ነው ብዬ በአፍረት ተነሳሁ፣ ሳየው የቀኙ ሶል ከተረከዙ ጀምሮ ተላቆ አፉን ከፍቷል። ሱሪዬ በሆነ ይሻል ነበር። ሳይደረግ የቆየ ጫማ ሙጫው ይደርቃል፣ ፖሊዩሬቴን የሚባለው የሶል ዓይነት ደግሞ ተቀምጦም እርጥበት ቀስ እያለ ይበላዋል፣ አንድ ቀን እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ከመግዛታችሁ በፊት ጫማውን በሁለት እጅ ጠምዝዙት፣ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር በጥፍር ፈትሹ።

ልኩ ደግሞ እንደ መሮጫ ጫማ ጣት ፊት ሰፊ ቦታ አይተውለትም፣ እግር ውስጡ መንሸራተት የለበትም፣ ጣቶች ግን መዘርጋት አለባቸው። ከላይ ያለችው ማሰሪያ ቀበቶ መሃል እግርን ነው የምትይዘው፣ ደም እስኪቆም አትሳቧት። በሱ ውጭ አትሂዱ፣ ሶሉ አቧራ ከያዘ መድረክ ላይ ያንሸራትታል።

ማለዳ_ብረት
ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ እንዳትሉኝ ጠፋች።

ሸራ ጫማዬን ያኔውኑ ሐሙስ ለበስኩ። የመጀመሪያው ቀን የገረመኝ ክብደቱ ሳይሆን ዝምታው ነው፣ እግሬ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ያ በየድግግሞሹ መሃል እግሬን የማስተካክለው ነገር ቀረ። ዴድሊፍት ወዲያው ነው የተሻለልኝ፣ ሲነሳ ተረከዜ ላይ ቁጭ ይላል። ስኳት ግን ወዲያው አልተሻለኝም እንደውም ባሰብኝ፣ ምክንያቱም ያ ለስላሳው ተረከዝ ምንም ቢሆን ትንሽ ይደግፈኝ ነበር መሰለኝ፣ ጠፍጣፋው ላይ የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ መታጠፍ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ግማሽ ወርጄ ወገቤ ይደፋል። ወደ 40 ወረድኩ (አፈርኩ ግን ወረድኩ)፣ ባቴን በየቀኑ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ መውረድና መነሳቱን በሳምንት 4 ቀን። ትናንት ለካሁ ቀኝ 8 ተኩል ገብቷል። ዛሬ 57.5 ላይ 5 ድግግሞሽ ሠራሁ፣ ቪዲዮ ላይ ቀኝ ጉልበቴ መስመሩን ይዟል፣ አራተኛው ላይ ትንሽ ነካ አርጎ ገባ ግን ተመለሰ።

ጂም ውስጥ አንዷ ደግሞ የብረት ጫማዋን አውሳኝ ነበር፣ ቁጥራችን አንድ ነው። ኸረ ልዩነት አለው! እስከ ታች ወረድኩ ደረቴ ቀና እንዳለ፣ ራሴን በመስታወት ሳየው ሌላ ሰው ነው የመሰለኝ። ከዛ ሳላወልቀው ወደ ዴድሊፍት ሄድኩና ባሩ ከጉልበቴ ሳያልፍ ወደፊት ጎተተኝ፣ ሦስት_ነጭ_መብራት ያልከውን በእግሬ ተማርኩት።

ጋሼ አንድ ጥያቄ ለእርስዎ፣ አሁን ከገዛሁት ቁርጭምጭሚቴ ሰንፎ ይቀራል?

አሮጌ_ባር
አይቀርም ልጄ፣ ልምምዱን ካልተውሽው። ጫማው ቁርጭምጭሚትሽን አያበላሸውም አያድነውምም። እኔ ብሆን ቀኙ 10 እስኪገባ በጠፍጣፋው እቆያለሁ፣ ከዛ በኋላ መግዛት ካማረሽ ግዢው፣ ያኔ ጭንሽን ለማሠራት ትገዢዋለሽ እንጂ የታመመ እግር ለመደበቅ አይሆንም። ባሩን ከመደርደሪያው ስታወጪ ግን ከዛሬ ጀምሮ በሦስት እርምጃ ብቻ ውጪ፣ ቪዲዮሽ ላይ ብዙ ትረማመጃለሽ።

ማለዳ_ብረት
ቪዲዮውን የት አዩት ጋሼ?

አሮጌ_ባር
አላየሁም። 7 ወር የሠራ ሰው ሁሉ ብዙ ነው የሚረማመደው።

ማለዳ_ብረት
ቆጠርኩ፣ 7 እርምጃ።

አዲስ_ገቢ
ይቅርታ ክሩን ሙሉ አነበብኩት፣ እኔ ተቀምጦ በእግር የሚገፋውን ሌግ ፕሬስ ማሽን ብቻ ነው የምሠራው፣ የትኛው ጫማ ይሻለኛል?

ጭን_ይሙቅ
ማሽኑ መስመሩን ስለሚይዝልህ እዛ ላይ ብዙ አያስጨንቅህም፣ ያለህን አርግ። በነጠላ ጫማ ብቻ እንዳትመጣ፣ ብረት_ብቻን አትስማው። ወንድም ነህ አይደል?

አዲስ_ገቢ
እህት ነኝ።